ተከላካይ ሴሎች እና የኩላሊት ጉዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ኩላሊትህን የጎዳው የራስህ መከላከያ ነው» የተባለ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከታማሚዎች፣ ከአስታማሚዎችና ከጤና ተማሪዎች አዘውትረው የሚነሱ ናቸው።

ተከላካይ ሴሎች ኩላሊት ውስጥ ምን ይሠራሉ? የሚመጡት ሲታመም ነው?

ድሮም እዚያው ናቸው። በጤነኛ ኩላሊት ውስጥ፣ በሽንት ቱቦዎቹና በደም ሥሮቹ መሀል ባለችው ጠባብ ክፍተት፣ ማክሮፌጅ እና ዴንድሪቲክ ሴል የሚባሉት ተከላካዮች መረብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የሞተ ሴል ይለቅማሉ፤ ከፊኛ ወደ ላይ የወጣ ባክቴሪያ ሲያጋጥማቸው ሌሎችን ይጠራሉ። በቁጥር አነስ ያሉ ቲ ሴሎችም አሉ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን በደም ውስጥ የሚዞሩ ናቸው፤ ኩላሊት ውስጥ በብዛት የሚገቡት ሲጠሩ ነው።

ኩላሊት ከብዙ የሰውነት ክፍሎች ይልቅ በዚህ ሥራ መሀል የሚጎዳበት ምክንያት አለው። ሁለቱ ኩላሊቶች ከሰውነት ክብደት ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆኑም ልብ ከሚረጨው ደም አምስት እጅ አንዱን ይቀበላሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው፣ የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ለምሳሌ ከጀርም ጋር የተጣበቀ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል)፣ በዚህ ወንፊት ላይ የመያዝ ዕድሉ ትልቅ ነው። ወንፊቱ ላይ የተያዘው ነገር ደግሞ ተከላካይ ሴሎችን ወደዚያው ይስባል።

ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ሲደርስ ሴሎቹ በየሰዓቱና በየቀኑ ምን ያደርጋሉ?

ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳትን እናት እንውሰድ። የደም ግፊቷ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቸገረው የኩላሊት ውስጠኛው ክፍል ነው፤ እዚያ ኦክስጅን በደህና ቀንም ቢሆን ትንሽ ነው። ኃይል ያጡት የቱቦ ሴሎች መሞት ይጀምራሉ። የሞተ ሴል ሲፈነዳ በውስጡ የነበረውን ኤቲፒ (የሴል ኃይል ተሸካሚ)፣ ዲኤንኤና የተለያዩ ፕሮቲኖች ያፈሳል። እነዚህ ነገሮች ከሴል ውጭ መታየት የሌለባቸው ስለሆኑ በዙሪያቸው ያሉ ሴሎች እንደ አደጋ ጥሪ ያነቧቸዋል። ጀርም ባይኖርም፣ ጀርም የገባ ያህል መቆጣት ይነሣል።

በሰዓታት ውስጥ የትንንሾቹ የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ኒውትሮፊሎች እየተለጠፉ ያልፋሉ። ቁጥራቸው በአንድ ቀን ገደማ ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ለባክቴሪያ የተሠሩ መርዘኛ ኬሚካሎቻቸውን ያፈሳሉ፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይዘረጋሉ። በዚህ መሀል ጠባቦቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ቤተሰብ በጣም የሚቸገርበት ነገር መልሱ እዚህ ጋ ነው፦ ደም ተሰጥቷት፣ ግፊቷ ተስተካክሎ ሳለ ክሬአቲኒኗ (ኩላሊት የሚያስወጣው፣ በደም የሚለካ ቆሻሻ) በማግስቱም በሠልስቱም የሚጨምረው የመጀመሪያው ጉዳት ካለፈ በኋላ ሁለተኛው፣ ማለትም የመቆጣቱ ጉዳት፣ ስለቀጠለ ነው። (ክሬአቲኒን ራሱም ዘግይቶ የሚጨምር መለኪያ ነው።)

ከዚያ ሞኖሳይት የሚባሉት ከደም ገብተው ወደ ማክሮፌጅነት ይለወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እሳቱን ያባብሳሉ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ግን ጠባያቸው ይለወጣል፦ ሬሳውን ያነሣሉ፣ መቆጣቱን የሚያበርድ ኬሚካል ያመነጫሉ፣ የተረፉት የቱቦ ሴሎች እንዲባዙ ይገፋፋሉ። ተቆጣጣሪ የሚባሉ ቲ ሴሎችም ያግዟቸዋል። እነዚህ ቀናት በዋናነት በአይጥ የተለኩ ናቸው። በእነዚሁ የአይጥ ጥናቶች ማክሮፌጆች ከጉዳቱ በፊት ሲወገዱ ኩላሊቱ ያነሰ ተጎዳ፤ ዘግይተው ሲወገዱ ግን ማገገሙ ተጓተተ። ያው ሴል፣ እንደ ቀኑ፣ አጥፊም ጠጋኝም ነው። የሚቀጥሉትን መልሶች ለመረዳት ይህን መያዝ ይበቃል።

ታዲያ ለድንገተኛ ጉዳት ሁሉ ፕሬድኒሶሎን ለምን አይሰጥም?

መከላከያን የሚያዳክመው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ጠጋኙንና አጥፊውን አይለይም። ጉዳቱ የመጣው ከደም መፍሰስ፣ ከተቅማጥ፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከመድኃኒት መርዝነት ከሆነ ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ማዕበል አልፏል፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ጥገናውን ይሆናል፤ በላዩም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። እዚህ የሚሠራው መንስኤውን ማስወገድ ነው፦ ፈሳሽና ደም መተካት፣ ኢንፌክሽኑን ማከም፣ ኩላሊት የሚጎዱትን እንደ ጄንታማይሲን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ማቆም።

ፕሬድኒሶሎን ቦታ የሚኖረው በሽታው ራሱ የተከላካይ ሴሎች ስሕተት ሲሆን ነው። ስለዚህ ክሬአቲኒን ጨመረ በሚል ብቻ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መጀመር አደገኛ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆምም እንዲሁ፤ የሰውነት የራሱ ኮርቲዞል ስለሚተኛ ግፊት ሊወድቅ ይችላል።

ድንገተኛ ጉዳት ተብሎ የሚያዘው መቼ ነው?

ከሦስቱ አንዱ ሲገኝ፦ ክሬአቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲሊትር በ0.3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር፣ በ7 ቀን ውስጥ ከቀድሞው 1.5 እጥፍ ሲደርስ፣ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር ሲያንስ። የመጨረሻውን በተግባር ስናየው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ6 ሰዓት ከ180 ሚሊሊትር በታች ከሸና ማለት ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ይህን ማንኛውም አስታማሚ በተለካ ዕቃ ሊለካው ይችላል፤ ለሐኪሙም ትልቅ መረጃ ነው።

ክሬአቲኒን ወደ ቦታው ተመልሶ ሳለ ለምን ክትትል አታቋርጡ ይባላል?

ጥገናው ሁልጊዜ በሰዓቱ አያቆምም። አንዳንድ የቱቦ ሴሎች ግማሽ ድነው ይቀሩና የጥሪ ምልክት ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ። ማክሮፌጆች በዚያ ምልክት ይቆያሉ፤ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ይበዛል፤ በደም ሥሮቹ ዙሪያ የነበሩ ደጋፊ ሴሎች ጠባሳ ሠሪ ሴሎች ይሆናሉ። ደጋፊዎቹ ሥራቸውን ሲለቁ የደም ሥሮቹ ይከስማሉ፣ ኦክስጅን ያንሳል፣ ያም ሌላ ሴል ይገድላል። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ ስላለው የቀሩት የጎደለውን ይሸፍናሉ፤ ክሬአቲኒንም ለጊዜው ደህና ይመስላል።

በዚህ ምክንያት ከጉዳቱ 3 ወር በኋላ ክሬአቲኒን ብቻ ሳይሆን የሽንት አልቡሚን (ወደ ሽንት ያመለጠ ፕሮቲን) እና የደም ግፊትም መለካት አለባቸው። የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ60 ሚሊሊትር በታች ሆኖ ወይም የሽንት አልቡሚን በአንድ ግራም ክሬአቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ከ3 ወር ከበለጠ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ነው።

ልጃችን ጉሮሮው ድኖ ከሳምንት በኋላ ፊቱ አበጠ፣ ሽንቱም ኮካ መሰለ። ጉሮሮና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?

የሚያገናኛቸው አንቲቦዲ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲገባ ሰውነት አንቲቦዲ ይሠራል፤ ከባክቴሪያው ቁራጭ ጋር ተጣብቆ ማጣሪያው ላይ ይቀመጣል። ኮምፕሊመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ይነሡበታል፣ ኒውትሮፊሎች ይጎርፋሉ፣ የማጣሪያው ግድግዳ ይቀደዳል። ቀይ ሴል ሲያመልጥ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ማጣሪያው ስለሚዘጋ ጨውና ውኃ ይቀራል፣ ፊት ያብጣል፣ ግፊት ይጨምራል።

ጊዜው ራሱ ምርመራ ነው። ከጉሮሮ ሕመም ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ ከቆዳ ቁስል ደግሞ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በአገራችን እከክ ታክኮ ሲመግል የሚመጣው ብዙ ነው፤ ወላጅ ስለ ጉሮሮ ብቻ ተጠይቆ «አልታመመም» ቢል ቆዳውን ማየት ያስፈልጋል። ጉሮሮው በታመመ በሁለት ሦስት ቀን ሽንቱ ከቀላ ግን ይህኛው ሳይሆን የአይጂኤ በሽታ (አይጂኤ የሚባለው አንቲቦዲ ማጣሪያው ላይ የሚከማችበት) ሊሆን ይችላል።

ደም ውስጥ ሲ3 የሚባለው ኮምፕሊመንት ይወርዳል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሊመለስ ይገባል። ካልተመለሰ ምርመራው እንደገና ይከፈታል። አብዛኞቹ ልጆች ያለ ፕሬድኒሶሎን ይድናሉ። ሕክምናው ጨው መቀነስ፣ የሚያሸና መድኃኒት፣ ግፊት መቆጣጠርና ባክቴሪያው ካለ አንቲባዮቲክ ነው። አደጋው ግፊቱ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ሌላው ልጅ ግን ሽንቱ አረፋ ብቻ ነው፣ ደም የለውም። እሱም የተከላካይ ሴሎች ችግር ነው?

ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይባላል። እዚህ ማጣሪያው ውስጥ ሴል አይጎርፍም። ማጣሪያውን በውጭ በኩል የሚያቅፉት ፖዶሳይት የሚባሉ ሴሎች እግራቸው ይለጠጥና በመሀላቸው ያለው ወንፊት ይከፈታል፤ ፕሮቲን ይፈስሳል። ለረጅም ዓመታት የቲ ሴሎች ምርት የሆነ ነገር ያደርገዋል ተብሎ ሲገመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 የወጡ ጥናቶች ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ላይ የወንፊቱ አካል የሆነውን ኔፍሪን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አግኝተዋል። ሪቱክሲማብ የሚባለው፣ አንቲቦዲ ሠሪዎቹን ቢ ሴሎች የሚያጠፋ መድኃኒት በዚህ በሽታ ለምን እንደሚሠራ ይህ በደንብ ያስረዳል።

የልጆች ሕክምና በፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፦ በቀን በኪሎ 2 ሚሊግራም (ከ60 ሚሊግራም ሳይበልጥ) ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ ቀን እየዘለሉ በኪሎ 1.5 ሚሊግራም ለተመሳሳይ ጊዜ። ከ10 ልጆች ከ8 በላይ ይመለሱበታል። ሽንቱን በየጠዋቱ በምርመራ ወረቀት ማየትና በደብተር መጻፍ የወላጅ ሥራ ነው። ለ3 ተከታታይ ቀን ፕሮቲን ከሌለ ወይም ምልክት ብቻ ከሆነ ተመልሷል፤ ለ3 ተከታታይ ቀን ሦስት ፕላስ ከሆነ አገርሽቷል። ያበጠ ልጅ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከጀመረው የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አይታደርም፤ አንቲቦዲዎቹም ከፕሮቲኑ ጋር በሽንት እየፈሰሱ ነውና።

ሉፐስ፣ አንካ፣ ሜምብራነስ የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልዩነቱ ያለው ማጣሪያውን ማን፣ የት ላይ መታው በሚለው ነው። በሉፐስ ቢ ሴሎች በራስ ዲኤንኤ ላይ አንቲቦዲ ይሠራሉ፤ በማጣሪያው ሁሉም ንብርብር ይከማቻል፣ ሲ3ም ሲ4 የሚባለው ሌላው ኮምፕሊመንትም ይወርዳሉ። በወጣት ሴቶች ላይ ይበዛል። በሜምብራነስ አንቲቦዲው የሚያርፈው በማጣሪያው ውጭ ገጽ ላይ ስለሆነ የደም ሴሎች አይደርሱበትም፤ ኮምፕሊመንት ብቻ ፖዶሳይትን ይጎዳል፣ ደም ሳይሆን ፕሮቲን ይፈስሳል። ብዙዎቹ ላይ ዒላማው ፒኤልኤ2አር የሚባል ፕሮቲን መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለታወቀ በደም ምርመራ መለየት ተችሏል።

አንካ አስቸኳይ የሆነው ነው። እዚህ አንቲቦዲው ኒውትሮፊሉን ራሱን ይይዝና ያለ ምክንያት ያስተኩሰዋል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይፈነዳሉ፤ በተቀደደው በኩል የወጣው ደምና ማክሮፌጅ ማጣሪያውን ከውጭ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያፍነዋል። ኩላሊት በቀናትና በሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። የሽንት ደም፣ በየቀኑ የሚጨምር ክሬአቲኒን፣ በተለይም ደም ያለው አክታ አብረው ከታዩ የባዮፕሲ (ከኩላሊት ትንሽ ቁራጭ ወስዶ የመመርመር) ወረፋ ሳይጠበቅ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በቀን ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ለ3 ቀን በደም ሥር ይጀመራል፤ ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ሪቱክሲማብ ይከተላል።

የሕመም ማስታገሻና የጨጓራ መድኃኒት ኩላሊትን ያስቆጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በሁለት መንገድ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት የኩላሊትን የደም ፍሰት ይቀንሳሉ፤ ይህ መቆጣት አይደለም፣ ሲቆም ይመለሳል። ሁለተኛው ግን አለርጂ ነው፦ መድኃኒቱ ከቱቦው ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ቲ ሴሎች እንደ ባዕድ ያዩታል፤ በቱቦዎቹ መሀል ያለው ክፍተት በቲ ሴልና አንዳንዴም ኢዎሲኖፊል በሚባለው የአለርጂ ነጭ የደም ሴል ይሞላል። ፔኒሲሊኖች፣ ሪፋምፒሲን፣ ኦሜፕራዞል፣ የሕመም ማስታገሻዎች የታወቁ አምጪዎች ናቸው። አንቲባዮቲኮች አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን ያሳያሉ፤ ኦሜፕራዞልና ማስታገሻዎች ግን ወራት ሊወስዱ ስለሚችሉ ማንም አይጠረጥራቸውም። ትኩሳት፣ ሽፍታና ከፍ ያለ ኢዎሲኖፊል ሦስቱም አብረው የሚገኙት ከ10 ታማሚ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለሌሉ ብቻ «አይደለም» ማለት ስሕተት ነው።

ስለ ሪፋምፒሲን አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ አቋርጦ፣ ከሳምንታት በኋላ በራሱ እንደገና የጀመረ ሰው ከባድ የኩላሊት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ በመሀሉ የተሠራው አንቲቦዲ መድኃኒቱን ይጠብቀዋልና። ያቋረጠ ሰው ለጤና ጣቢያው ሳይናገር አይቀጥል።

ሕክምናው መድኃኒቱን ማቆም ነው። በጥቂት ቀናት መሻሻል ካልታየ ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲሆን ይጠቅማል፣ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ብዙም አይረዳም።

የትኛው ምርመራ ምን ይነግረናል?

በርካሹ ይጀመር፤ ሽንት በማይክሮስኮፕ። የቀይ ሴል ካስት (በቱቦው ቅርጽ የተቀረጸ የሴል ጥቅል) ማጣሪያው መቆጣቱን፣ የነጭ ሴል ካስት በቱቦዎቹ መሀል ያለው ክፍተት መቆጣቱን ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን፣ ጭቃማ ቡናማ ካስት ደግሞ ቱቦው መሞቱን ይናገራል። ይህ ሁሉ የሚጠፋው ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ነው። የጠዋት ሽንት፣ የመጀመሪያው ወርዶ የመሀሉ ተቀድቶ፣ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ ካስት በቀጠነና በአልካሊ ሽንት ቶሎ ይፈርሳል። «ሽንቱ ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት ከረፋድ እስከ ከሰዓት ከቆየ ናሙና ከመጣ እንዲደገም ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሲ3 እና ሲ4፣ ኤኤንኤ (የሉፐስ አንቲቦዲ ምርመራ)፣ አንካ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የሄፓታይተስ ሲና የኤችአይቪ ምርመራ። ባዮፕሲ የሚያስፈልገው ውጤቱ ሕክምናውን የሚለውጥ ሲሆን ነው። አስፕሪን ቀድሞ ይቆማል፣ ግፊት ከ140 በ90 በታች ይደረጋል፣ ፕሌትሌትና የደም መርጋት ይታያል። ከተወሰደ በኋላ ቢያንስ ለ6 ሰዓት በጀርባ መተኛት፤ የሽንቱ ቀለም ለ24 ሰዓት ይታያል። ናሙናው በተራ ማይክሮስኮፕ ብቻ ሳይሆን አንቲቦዲውን በሚያበራው ምርመራም ካልታየ የአይጂኤ በሽታን መለየት አይቻልም፤ ለዚያ የሚሆነው ቁራጭ በፎርማሊን ውስጥ መግባት የለበትም። ይህን ቀድሞ ያልተስማማ ክፍል ናሙናውን ያባክናል።

ስኳርና ደም ግፊትም ከተከላካይ ሴሎች ጋር ይገናኛሉ?

ይገናኛሉ፣ በዝግታ። ከፍ ያለ ስኳርና ግፊት የማጣሪያውንና የቱቦውን ሴሎች ሲያስጨንቁ ማክሮፌጅ ይሳባል፣ ጠባሳ ይከተላል። ግን መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት እዚህ አይሰጥም፤ ፕሬድኒሶሎንማ ስኳሩን ያባብሳል። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት የማጣሪያውን ጫና ስለሚቀንሱ መቆጣቱም ከምንጩ ይቀንሳል።

አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች «አፍሪካዊ ስለሆንክ ለኩላሊት በሽታ የተጋለጠ ዘር አለህ» ይላሉ። ለኢትዮጵያውያንም ይሠራል?

የሚያወሩት ስለ ኤፒኦኤል1 ዘረመል ነው። ፕሮቲኑ የእንቅልፍ በሽታ ጥገኛን የሚገድል የመከላከያ መሣሪያ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉት ሁለቱ የተለወጡ ዓይነቶች ከአባትም ከእናትም ከተወረሱ ግን፣ ኤችአይቪን የመሰለ ኢንፌክሽን ኢንተርፌሮን የሚባለውን የመከላከያ መልእክተኛ ሲያስነሣ ምርታቸው ይጨምርና ፖዶሳይትን ይመርዛሉ። መከላከያ ኩላሊትን ሲጎዳ ከዚህ የጠራ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ በእስራኤል በሚኖሩ ኤችአይቪ ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ዓይነቱን የኩላሊት በሽታ አላገኘም። በ2010 ዘረመሉ ሲለይ የኢትዮጵያውያን ናሙናዎች የተለወጡትን ዓይነቶች አልያዙም። ስለዚህ የቆዳ ቀለም ይህን አይነግርም፤ ለሐኪምዎ ትውልድዎን መንገር ተገቢ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ግን ከሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ከቴኖፎቪር መድኃኒት፣ የኩላሊት ችግር ሊገጥመው ስለሚችል ምርመራው አይቀርም።

መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ምን መደረግ አለበት?

ሦስት የተኙ ጠላቶች መፈለግ አለባቸው። አንደኛው ቲቢ ነው፦ ሳል፣ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ይጠየቃል፣ የደረት ራጅ ይነሣል፣ እንደ ሁኔታው አይሶናያዚድ ይሰጣል። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ በተለይ ከሪቱክሲማብ በፊት የላይኛውን አንቲጂን ብቻ ሳይሆን የኮር አንቲቦዲውንም ማየት ግድ ነው፤ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበት ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል። በባዶ እግር አፈር ላይ ከሄደ ሰው ቆዳ ይገባል፣ ያለ ምልክት ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፣ ከአገር ከወጡ በኋላም አብሮ ይኖራል። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ይራባና ወደ ሳንባና ደም ይሰራጫል፤ ይገድላል። የአንድ ቀን የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፣ በኪሎ 200 ማይክሮግራም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን፤ አልቤንዳዞል ይደክማል። ስዊድን ወይም አሜሪካ የሚታከም ሰው ያደገው ገጠር ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፤ እዚያ ያለ ሐኪም ላያስበው ይችላል።

ሳይክሎፎስፋማይድና ማይኮፌኖሌት ጽንስን ስለሚጎዱ የእርግዝና ምርመራና አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ቀድመው ያስፈልጋሉ። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ይህን መጀመሪያ ታንሣው፤ አዛታዮፕሪንን የመሰለ አማራጭ አለ።

የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት ለምን አይቀበልም? መድኃኒቱንስ መቼ ማቆም ይቻላል?

ኩላሊቱ እስካለ ድረስ አይቆምም። የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ የሠመረው ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ስለነበሩ ነው፤ ቲ ሴሎቹ ልዩነት አላዩም። በሌላው ሰው ላይ ግን ሁልጊዜ ያያሉ። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራው ሲጀመርም ይኸው ሕግ ነው የጠበቀው፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት እና ፕሬድኒሶሎን።

ታክሮሊመስ በ12 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት። በደም የሚለካው የጠዋቱ ከመወሰዱ በፊት ነው፤ ውጦ የመጣ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታይና መጠኑ ያለ አግባብ ይቀነስበታል፣ ከዚያ ኩላሊቱ ይጠቃል። በጾም ወራትም የጠዋቱ መድኃኒት እስከ 9 ሰዓት አይቆይም፤ ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የረመዳን ጾመኛም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ያስተካክል። ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን በእጅጉ ያወርዳል፤ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ከፍ ያደርጉታል። «መከላከያን ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጥ ቅጠልና ዱቄትም አይጨመር፤ የተተከለለት ሰው የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ኩላሊቱ ሲጠቃ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። የሚታየው የክሬአቲኒን መጨመር ብቻ ሊሆን ይችላል። በቲ ሴል የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቀን ሜቲልፕሬድኒሶሎን ይመለሳል፤ በአንቲቦዲ የሆነው ከባድ ነው።

እጥበት ላይ ነኝ፣ ንቅለ ተከላ እጠብቃለሁ። ደም መውሰድ ይጎዳኛል?

ሕይወት ለማዳን ከሆነ ይወሰዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ከረጢት የሌላ ሰው ሴል ስለሚይዝ ቢ ሴሎችዎ አንቲቦዲ እንዲሠሩ ያስተምራል፤ እርግዝናም እንዲሁ ያደርጋል። በኋላ የለጋሽ ነጭ የደም ሴል (ሊምፎሳይት) ከእርስዎ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ጋር ሲቀላቀል ከተጠቃ ያ ሰው፣ ባልዎም ልጅዎም ቢሆን፣ ለጋሽ አይሆንዎትም። ደም ማነስን በአይረንና በኤሪትሮፖይቲን መርፌ ማስተካከል የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የኩላሊት መድከም ራሱ ቲ ሴሎችንና ኒውትሮፊሎችን ያዳክማል፤ ክትባትም እንደ ሌላው ሰው አይዝም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በእጥፍ፣ 40 ማይክሮግራም፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ6ኛው ወር ይሰጣል። ከመጨረሻው ከ1 እስከ 2 ወር በኋላ አንቲቦዲው ይለካል፤ ከ10 በታች ከሆነ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታያል። ከንቅለ ተከላው በኋላ ሕይወት ያላቸው ክትባቶች ስለማይሰጡ የሚያስፈልጉት ካሉ አሁን ይወሰዱ።